የስቶክሆልም የቴኒስ ሜዳና የወይዘሮ ፊክ መዝገብ

ከአገሩ ወጥቶ ወደ ሩቅ ከተማ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚጐበኘው የነገሥታቱን ግቢ፣ ታላላቁን ቤተ ክርስቲያንና የጥንት ዕቃ የሚጠበቅበትን አዳራሽ ነው፤ ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን የአንድ ሕዝብ ጠባይ በሐውልቱ ብቻ አይታወቅምና፣ አንዳንድ ጊዜ ማንም ሐውልት ያላቆመበትን ሜዳ ሄዶ ማየት መልካም ነው። እኛም በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ጥቂት ቀን በቈየን ጊዜ ልባችን የተመኘው እንዲህ ያለ ስፍራ ነበረ። ስፍራው የቴኒስ ጨዋታ የተደረገበት ሜዳ ነው፤ ወደዚያም የወሰደን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1912፣ በእኛም በ1904 ዓ.ም. በአንዲት ወይዘሮ እጅ የደረሰች ትንሽ አደጋ ናት። ከዚህ በኋላ የምንጽፈው የዓመት ቍጥር ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

ስለዚህች አደጋ መጀመሪያ ያወቅነው ከመጽሐፍ ነው። የስቶክሆልም የኦሊምፒክ ጨዋታ ካለፈ በኋላ አዘጋጆቹ በ1913 ከ1000 ገጽ የሚበልጥ ትልቅ መዝገብ አሳትመዋል። በዚህ መዝገብ ሜዳው እንዴት እንደ ተደለደለ፣ እንግዳው እንዴት እንደ ተስተናገደ፣ ማን ሮጦ ማንን እንደ ቀደመ ሁሉ በየተራው ተጽፏል። የእኛ እንጀራ በፍርድ ቤት መዝገብ መጻፍ ስለ ሆነ እንዲህ ያለ ነገር ስናገኝ ሳናነብ አናልፍም። እያገላበጥን ስንሄድ ወንድና ሴት ተጣምረው ስለሚጫወቱት ቴኒስ ከተጻፈው ላይ ደረስን። በዚያም በመጨረሻው ውድድር መካከል ወይዘሮ ፊክ የተባሉት ተጫዋች የገዛ ባልደረባቸውን ሳያስቡት በራኬት ፊታቸው ላይ እንደ መቷቸው፣ ከዚያም በኋላ የባልደረባቸው ጨዋታ እንደ ደከመ በአጭር ቃል ተጽፎ አገኘን። መዝገቡ ከዚህ በላይ አይናገርም፤ ወደሚቀጥለው ጨዋታ ያልፋል። እኛ ግን ማለፍ ተሳነን።

ስቶክሆልም በውኃ ላይ የተሠራች ከተማ ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሜላረን የተባለው ሐይቅ ከባልቲክ ባሕር ጋራ በሚገናኝበት ስፍራ በ14 ደሴቶች ላይ ተዘርግታለች፤ ሰው ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲሄድ በድልድይ ላይ እየተሻገረ ነው። በሰኔ ወር የሄደ እንግዳ ሌሊቱ አልመሽለት ይላል። ፀሐይ የምትጠልቀው እኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት በምንለው ጊዜ ነው፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሳይሞላም ተመልሳ ትወጣለች። በታኅሣሥ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሆን ይጨልማል። ስለዚህ የአገሩ ሰው የበጋውን ብርሃን እንደ ገንዘብ ቈጥሮ ይጠቀምበታል፤ ሽማግሌው በውኃው ዳር ይቀመጣል፣ ልጁ በሜዳው ይሮጣል፣ ቤት ውስጥ የሚቀር የለም። የክረምቱ ጨለማም ለጨዋታ ጣራ መሥራትን አስተምሯቸዋል። ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ቴኒስን በበጋ በሜዳ፣ በክረምትም በአዳራሽ ውስጥ በእንጨት ወለል ላይ ይጫወቱት ነበር።

አሮጌው ከተማና የንጉሡ ግቢ ካሉበት ደሴት ተነሥተን ወደ ሰሜን ኦስተርማልም ወደሚባለው ሰፈር የሄድነው ከምድር በታች በሚሄደው ባቡር ነው። በ1973 በተከፈተው ጣቢያ ስንወርድ ዋሻው እንደ ተፈለፈለ አለቱ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ፣ በላዩም ቀስተ ደመና ተሥሎበት አየን። ከጣቢያው ወደ ላይ ስንወጣ ከፊታችን የቆመው ስታዲየሙ ነበር። ግንቡ በጡብ የተሠራ፣ ሁለት ረጃጅም ማማ ያለው ነውና፣ ሰው ባያውቀው የጥንት መኳንንት ምሽግ ይመስለዋል። የሠሩት አርኪቴክት ቶርበን ግሩት ይባላሉ፤ እሳቸውም ራሳቸው ቴኒስ ተጫዋች ነበሩ። ልጃቸው ዊልያም ግሩት ደግሞ በ1948 በሎንዶን በተደረገው ኦሊምፒክ ፈረስ መጋለብ፣ ሰይፍ መመከት፣ መተኰስ፣ መዋኘትና መሮጥ በአንድነት በሚቈጠርበት ውድድር የወርቅ ሜዳይ አግኝቷል። በዚህ ስታዲየም ሐምሌ 6 ቀን 1912 ንጉሥ ጉስታቭ 5ኛ ጨዋታውን በይፋ ከፈቱ። ዛሬም ግንቡ እንደ ቆመ ነው፤ ሯጮችና እግር ኳስ ተጫዋቾች ይገለገሉበታል።

የእኛ ሜዳ ግን ይህ አይደለም። ከስታዲየሙ ኋላ ጥቂት መንገድ እንደ ሄዱ የኦስተርማልም የስፖርት ሜዳ ይገኛል፤ በ1912 የበጋው ቴኒስ የተደረገው በዚያ ነው። ቴኒሱ ከሰኔ 28 እስከ ሐምሌ 5 ቀን ተደርጎ ስላለቀ፣ ንጉሡ ጨዋታውን ሲከፍቱ የቴኒስ ተጫዋቾች ሥራቸውን ፈጽመው ነበር። ወደ ሜዳው በደረስን ጊዜ ሣሩ ለምልሞ፣ የመሮጫው መንገድ ተጠርጎ፣ ልጆች እየተጯጯሁ ይሮጡበት ነበር። በክረምት ውኃ ይለቁበትና በረዶ ሆኖ ሲጠና በላዩ ይንሸራተቱበታል ብለው ነገሩን። ስለ ወይዘሮ ፊክ የሚናገር ጽሕፈት ብንፈልግ አላየንም። በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የልጅ ልጃቸውን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አግኝተን ስለ ቴኒስ ብንጠይቃቸው ፊታቸው በራ፤ ቢዮርን ቦርግን ጠሩ፣ ስቴፋን ኤድበርግን ጠሩ። የወይዘሮ ፊክን ስም በጠራን ጊዜ ግን ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «እንዲህ የምትባል አላውቅም» አሉን። እኛም በልባችን፣ እኒህ ወይዘሮ ወይ በስሕተታቸው ይታወቃሉ፣ ወይም ከነአካቴው አይታወቁም ማለት ነው ብለን አዘንን። ስለዚህ ሙሉ ታሪካቸውን ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን።

ይህ ጨዋታ ወደ ስዊድን የገባው ከእንግሊዝ አገር ነው። ኋላ ንጉሥ ጉስታቭ 5ኛ የተባሉት ልዑል በእንግሊዝ አገር ተምረውት በአገራቸው አስፋፉት። በ1907 ከነገሡ በኋላም ራኬታቸውን አላስቀመጡም፤ በውድድር ሲገቡ ማዕረጋቸውን ትተው «ሚስተር ጂ» በሚል ስም ይመዘገቡ ነበር። እስከ እርጅናቸው ድረስ ሲጫወቱ ኖረው በ1950 በ92 ዓመታቸው ዐረፉ። ንጉሥ ስሙን ሸሽጎ መጫወቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በመረቡ ወዲህና ወዲያ የቆሙ ሰዎች በዚያች ሰዓት ትክክል ናቸውና። በአገራችንም በገና ጨዋታ ጌታ አይቈጣም የሚባለው ስለዚሁ ነገር ነው።

ሴቶችም በዚህ ጨዋታ ቀድመው ስፍራ አገኙ። በ1908 በሎንዶን ኦሊምፒክ በአዳራሽ ውስጥ በተደረገው ቴኒስ ወይዘሮ ሜርታ አድለርስትሮሌ የተባሉ ስዊድናዊት ገብተው ተወዳደሩ። ዕድሜያቸው ወደ 40 ዓመት ተጠግቶ ነበር። ለሦስተኛነት በተደረገው ጨዋታ ያገራቸውን ልጅ ኤልሳ ቫለንበሪን አሸንፈው የነሐስ ሜዳይ ተቀበሉ፤ በዚህም በኦሊምፒክ ሜዳይ ካገኙት የስዊድን ሴቶች የመጀመሪያዪቱ ይባላሉ። በዚያው ዓመት በወንዶች ጥንድ ጨዋታ ጉናር ሴተርቫል የተባሉ የስቶክሆልም ተወላጅ ከቮልማር ቡስትረም ጋራ ሆነው እንዲሁ ነሐስ አገኙ። ሙሴ ሴተርቫልን አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ በራኬት የተመቱት እሳቸው ናቸው።

ወይዘሮ ሲግሪድ ፊክ ስዊድናዊት ሆነው አልተወለዱም። የተወለዱት መጋቢት 28 ቀን 1887 ከባሕሩ ማዶ በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ ከተማ ነው፤ ያባታቸውም ቤት ስም ፍሬንከል ይባል ነበር። ያን ጊዜ ፊንላንድ በሩስያ ቄሣር ሥር ነበረች። ከስዊድናዊው ከሙሴ ፊክ ጋራ በተጋቡ ጊዜ ባሕሩን ተሻግረው በስቶክሆልም ኑሮ ያዙ፤ ለባላቸውም አገር ተሰልፈው መጫወት ጀመሩ። በጋብቻ ወደ ሌላ አገር የገባች ሴት ነገሯ ምን እንደሚመስል አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። መልካም ብትሠራ «የእኛ ናት» ይላሉ፤ ብትሳሳት ግን ከወዴት እንደ መጣች የሚያስታውስ አይጠፋም። ወይዘሮ ፊክ በ1912 የ25 ዓመት ሴት ነበሩ። ወደ ስቶክሆልም ከመጡት ከ2000 የሚበልጡ ተወዳዳሪዎች መካከል ሴቶቹ እጅግ ጥቂት ነበሩና፣ የሰው ዓይን ሁሉ ይከተላቸው ነበር።

የቴኒስ ውድድሩ በሁለት ጊዜ ተከፍሎ ነበር። በግንቦት ወር መጀመሪያ በአዳራሽ ውስጥ ተደረገ። በዚያ ወይዘሮ ፊክ ብቻቸውን በተጫወቱበት ውድድር እስከ አራተኛው ደረጃ ደረሱ፤ ሦስተኛነቱን የእንግሊዟ ሜብል ፓርተን ወሰደችባቸው። ከሙሴ ሴተርቫል ጋራ ተጣምረው በተጫወቱት ግን የነሐስ ሜዳይ አገኙ። ሙሴ ሴተርቫልም ከካርል ኬምፔ ጋራ በወንዶች ጥንድ ለፈረንሳዮቹ ለጎቤርና ለዤርሞ ብቻ ተሸንፈው የብር ሜዳይ ተቀበሉ።

ወንድና ሴት ተጣምረው የሚጫወቱት ቴኒስ ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስላል። ሁለት ሰዎች በመረቡ አንድ ወገን ይቆማሉ፤ ከማዶ የምትመጣዋን ኳስ ከሁለቱ አንዱ ሳትነጥር፣ ወይም አንድ ጊዜ ብቻ ከነጠረች በኋላ፣ ወደ ባላጋራ ሜዳ ይመልሳል። ችግሩ ያለው በመካከል ነው። ወደ ቀኝ የመጣች ኳስ ባለቤት አላት፣ ወደ ግራም የመጣች እንዲሁ፤ በሁለቱ መካከል የመጣች ኳስ ግን የሁለቱም ናት፣ የማንኛቸውም አይደለችም። ሁለቱም ቢተዉአት ትወድቃለች፤ ሁለቱም ቢነሡላት ይጋጫሉ። ለመነጋገርም ጊዜ የለም፤ ዓይን ከመገርበቡ በፊት መወሰን ነው። ስለዚህ የጥንድ ጨዋታ ዋና ብልሃቱ በክንድ ኃይል ሳይሆን ባልንጀራን አስቀድሞ በማወቅ ነው። ይህን ስናስብ ሁለት ሰዎች አንድ ቤት ይዘው የሚኖሩበት ጕዳይ ሁሉ ትዝ አለን፤ በትዳርም ጠብ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ማን ይሥራው ተብሎ ባልተቈረጠው ነገር ላይ ነውና።

በሰኔ መጨረሻ የበጋው ውድድር በኦስተርማልም ሜዳ ተጀመረ። በዚያው ሳምንት በእንግሊዝ አገር የዊምብልደን ውድድር ይደረግ ስለ ነበረ ከእንግሊዝ ተጫዋች አልመጣም። ለስዊድን ይህ መልካም ዕድል ነበር። ወይዘሮ ፊክና ሙሴ ሴተርቫልም ባላጋራዎቻቸውን እያሸነፉ እስከ ፍጻሜው ደረሱ፤ በመጨረሻ የገጠሟቸው ዶራ ኬሪንግና ሃይንሪኽ ሾምቡርክ የተባሉ የጀርመን ሴትና ወንድ ነበሩ። የወርቁ ሜዳይ በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ከተማቸው፣ በክንድ ርቀት ቀርቦላቸው ነበር።

አደጋዪቱ የደረሰች በዚህ ጨዋታ ላይ ነው። ወይዘሮ ፊክ ኳስ ለመምታት የሰነዘሩት ራኬት የባልደረባቸውን ፊት አገኘ። ጨዋታውን የሚያውቁ ሁሉ እንዲህ ያለው ነገር በክፋት እንደማይመጣ ያውቃሉ፤ የሚመጣው ከመትጋት ነው። ኳሱን ለመተው የወደደ ሰው ባልደረባውን አይመታም። ነገር ግን ራኬት ዐውቆም ሳያውቅም ቢያርፍ ሕመሙ አንድ ነው። ጀርመኖቹ የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 4 ወሰዱ፤ ሁለተኛውን ዙር 6 ለ 0 ወሰዱ። ወርቁም ወደ ጀርመን ሄደ፤ ለስዊድን ብር ቀረላት።

እነዚህን ሁለት ቍጥሮች ጐን ለጐን አድርገን ብዙ ጊዜ ተመለከትናቸው። 6 ለ 4 የትግል ቍጥር ነው፤ 6 ለ 0 ግን ልብ የተሰበረበት ቍጥር ነው። መዝገቡ የሙሴ ሴተርቫል ጨዋታ እንደ ደከመ ይናገራል፤ ስለ ወይዘሮ ፊክ ጨዋታ ግን ዝም ይላል። በእኛ ሐሳብ ግን ከዚያች ሰዓት በኋላ ይልቁን የከበዳቸው እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። የተመታ ሰው ፊቱን አብሶ ይቆማል፤ የመታ ሰው ግን ያንኑ ራኬት በዚያው እጁ ይዞ፣ ያንኑ ባልደረባ አጠገቡ አቁሞ፣ ዳግመኛ መሰንዘር አለበት። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለው ተረት በክፋት ለወጋ ሰው የተነገረ ነው። ሳይወድ የወጋ ግን ከተወጋው ይልቅ ሲያስታውስ ይኖራል። ያ ዜሮ የሁለቱም ነበር፤ መዝገቡ ግን ምክንያቱን በአንዲት እጅ ላይ ጻፈው።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ጥቂት ብንናገር አንባቢ ይታገሠን። በወጣትነታችን በአንድ ፍርድ ቤት ስንጽፍ፣ አንድ ሰው በድንበር ነገር ተናዶ ጎረቤቱን በዱላ መትቶ ቀረበ። እኛም፣ «ተከሳሹ መምታቱን አመነ» ብለን በመዝገብ ጻፍን። ሰውዬው ካሣ ከፈለ፤ በሽማግሌ ታረቀ፤ ከተመታው ጎረቤቱም ጋራ አበ ልጅ ሆነ። እርቁ ግን የሆነው በሽማግሌ ቤት ስለ ነበረ በእኛ መዝገብ አልገባም። ከብዙ ዓመት በኋላ ያው ሰው ለዘመዱ ዋስ ሊሆን ቢመጣ፣ መዝገብ ተገለጠና፣ «ይህ ሰው ዱለኛ ነው፤ አይታመንም» ተባለ። ሰውዬው ሽበቱን እያሳየ ቢለምን የሚሰማው አልተገኘም። የተነበበበት ጽሕፈት የእኛ እጅ ጽሕፈት ነበረ። ሐሰት አልጻፍንም፤ የጻፍነው እውነት ነበረ፤ ግን አጭር እውነት ነበረ። ከአፍ የወጣ ቃል አፋፍ ነው ይባላል፤ ከብዕር የወጣው ግን ከአፋፍም ይርቃል።

ሐሰት የሆነ ወይም በደል ያለበት መዝገብ ቢዘገይም ይታረማል። በዚያው በ1912 በዚያው በስቶክሆልም ጂም ቶርፕ የተባለው የአሜሪካ ቀይ ሕንድ ሁለት የወርቅ ሜዳይ አግኝቶ ነበር፤ ቀድሞ በገንዘብ ቤዝቦል ተጫውተሃል ተብሎ በ1913 ተነጠቀ። እሱ በ1953 ከሞተ በኋላ፣ በ1983 ሜዳዩ ለልጆቹ ተመለሰ፤ በ2022ም ብቻውን አንደኛ መሆኑ ተመዘገበ። ይህ የሆነው ጮኸው የተከራከሩለት ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። ስለ ወይዘሮ ፊክ ግን ማን ይጮኻል? የተጻፈው እውነት ነውና። እውነት ሆኖ አጭር የሆነውን መዝገብ የሚያርመው የቀረውን ዘመን ጨምሮ የሚጽፍ ብቻ ነው።

የቀረው ዘመን እንዲህ ነበረ። ወይዘሮ ፊክ ራኬታቸውን አልሰቀሉም። በ1916 ሊደረግ የታሰበው ኦሊምፒክ በታላቁ ጦርነት ምክንያት ቀረ፤ በዚያ ጊዜ ያሉት የጕብዝና ዓመታት ለብዙ ተጫዋች ባከኑ። እሳቸው ግን በአገራቸው ውድድር እየደጋገሙ የስዊድን ሻምፒዮን ሲሆኑ ቈዩና፣ በ1920 በቤልጂክ በአንትወርፕ በተደረገው ኦሊምፒክ በ33 ዓመታቸው ተመልሰው ቀረቡ። በዚያ የዘመኑ ታላቅ ተጫዋች የፈረንሳይዋ ሱዛን ላንግለን ገጠመቻቸውና 6 ለ 0፣ 6 ለ 1 አሸነፈቻቸው። ይህ እንደ ውርደት እንዳይቈጠር አንባቢ ይህን ይወቅ፤ ሱዛን ላንግለን በዚያ ውድድር በጠቅላላው የተሸነፈችው 4 ጌም ብቻ ሲሆን፣ ሦስቱን የወሰደችው በፍጻሜው የገጠመቻት እንግሊዛዊት ዶሮቲ ሆልማን ናት፤ አራተኛዋን ያገኙ ወይዘሮ ፊክ ናቸው። ለሦስተኛነት በተደረገው ጨዋታም በኪቲ ማኬን ተሸንፈው እንደ 1912ቱ ግንቦት አራተኛ ሆኑ።

በ1924ም በ37 ዓመታቸው ወደ ፓሪስ ኦሊምፒክ ሄደው ተወዳደሩ። ያ ዓመት ለእኛም የሚታወስ ነው፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ከመኳንንቶቻቸው ጋራ አውሮፓን የጐበኙበት፣ ከፓሪስም ከስቶክሆልምም የደረሱበት በጋ ነበርና፤ በስቶክሆልምም የነገሡት ያው ቴኒስ ወዳድ ንጉሥ ጉስታቭ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ቴኒስ ከኦሊምፒክ ወጣ፤ ሜዳይ የሚሰጥበት ጨዋታ ሆኖ የተመለሰው በ1988 በሴኡል ነው፤ በዚያም ስዊድናዊው ስቴፋን ኤድበርግ ነሐስ አገኘ። እንግዲህ ወይዘሮ ፊክ ጨዋታው በኦሊምፒክ እስከ ቈየበት እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ አብረውት ቈይተዋል ማለት ነው። በሜዳዪቱ ስሕተት አፍረው ቢሆን ኖሮ በ1912 ቤታቸው በገቡ፣ የሚነቅፋቸውም ባልኖረ ነበር።

የቀሩትም ባልደረቦች እያንዳንዳቸው ዕጣቸውን አገኙ። ቮልማር ቡስትረም ዲፕሎማት ሆነው ከ1925 እስከ 1945 በዋሺንግቶን የስዊድን መልክተኛ ነበሩ። ካርል ኬምፔ የእንጨትና የወረቀት ፋብሪካ አለቃ ሆነው፣ ደግሞም የጥንት የቻይና ሸክላና የወርቅ ዕቃ በመሰብሰብ ስማቸው ታወቀ። ሙሴ ሴተርቫል ግን አራት የኦሊምፒክ ሜዳይ በስማቸው አስቀርተው በ1928 ገና በ46 ዓመታቸው ዐረፉ። ወይዘሮ ፊክ ከእሳቸው በኋላ ሌላ 51 ዓመት ኖሩ። ቢዮርን ቦርግ በ1976፣ በ1977ና በ1978 በዊምብልደን ሲያሸንፍ እሳቸው በሕይወት ነበሩ። በ1979 በሰኔ ወር፣ ቦርግ አራተኛውን ከማሸነፉ ጥቂት ሳምንት በፊት፣ እንደ ንጉሡ በ92 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከሜዳው ስንመለስ ሰዓቱ በእኛ አቈጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ ነበር፤ ፀሐይ ግን አልጠለቀችም። በሊዲንግዮ መንገድ በ1943 ወደ ተሠራው ወደ ንጉሡ የቴኒስ አዳራሽ ደረስን። ከ1969 ጀምሮ የስቶክሆልም ታላቅ የቴኒስ ውድድር ስሙን ያተረፈው በዚህ ቤት ነው። በአቅራቢያው አንዲት ልጅና አንድ ልጅ፣ እኅትና ወንድም የሚመስሉ፣ ራኬት ይዘው ከግድግዳ ጋራ ይጫወቱ ነበር። ኳስ በመካከላቸው መጣችና ሁለቱም ተነሡላት፤ የልጅቱ ራኬት የወንድሟን ክንድ አገኘው። ልጁ «ኧረ!» ብሎ ክንዱን ያዘ፤ ልጅቱ ደንግጣ ራኬቷን ጣለች። ጥቂት ቆሞ ክንዱን አሻሸና፣ ጐንበስ ብሎ የጣለችውን ራኬት አንሥቶ በእጇ ሰጣት። ከዚያም ኳሱን ወደ ግድግዳው መታ።

ሙሴ ሴተርቫል በዚያ ቀን ለወይዘሮ ፊክ ምን እንዳሏቸው የሚናገር ጽሕፈት አላገኘንም። ነገር ግን ያዩ ዓይኖቻችን ይህን አስተማሩን፤ ከባልንጀራችን እጅ የወደቀውን ዕቃ አንሥቶ መመለስ ከይቅርታ ቃል ሁሉ ይበልጣል። ባል ከሚስቱ፣ አለቃ ከታዛዡ፣ ጌታ ከአሽከሩ ጋራ በአንድ ሥራ ሲቆሙ በመካከል የምትመጣ ኳስ አትጠፋም፤ ሳያስቡ መመታትም አይቀርም። በዚያች ሰዓት የተመታው ሰው የሚያደርገው ነገር የሁለተኛውን ዙር ቍጥር ይወስናል። ደግሞም መዝገብ የምንጽፍ እኛና መዝገብ የሚያነቡ ጌቶቻችን፣ የአንድ ሰው ስም በአንዲት መስመር ላይ ተጽፎ ስናገኝ፣ ከመስመሪቱ በፊትና በኋላ ስንት ዓመት እንዳለፈ እንጠይቅ። ወይዘሮ ሲግሪድ ፊክ አንድ ጊዜ ባልደረባቸውን መቱ፤ ከዚያ በኋላ በሁለት ኦሊምፒክ ተቈጥረው፣ ያገራቸው ሻምፒዮን ሆነው፣ 92 ዓመት ኖሩ። እኛም በበኩላችን ይህን ያህል ጨምረን ጽፈናል።